ዳጣ ሳልሳ ነው ወይስ ዲፕ?

ጥያቄዬ እኮ ቀላል ነበር፤ ዳጣ ውስጥ ቅቤ ይገባል ወይስ አይገባም፣ በቃ ይሄው ነው፣ ይገባል ወይም አይገባም ተብሎ የሚመለስ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። እኔ ግን ይኸው ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኔ፣ ከማታ ፈረቃ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጌ፣ በዳሩ ሾልካ ለምትገባው የእንግሊዝ ፀሐይ፣ ስትፈለግ ለማትመጣው መተኛት ሲፈለግ ግን ለማትቀረው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እገላበጣለሁ። አሁን አምስት ሰዓት ሆኗል። ሶዶ ሰባት ሰዓት ነው፣ እሑድ ነው፣ ሰው ከአምልኮ ወጥቶ ቁርጥ ቤቱን የሚያጨናንቅበት ሰዓት፣ እማዬ በአርባ ምንጭ መንገድ ዳር ላሉት ሥጋ ቤቶች በጠዋት ያደረሰችውን የዳጣ ጆግ ባዶውን ሰብስባ ወደ ቤት የምትመለስበት ሰዓት። የምትመለስበት አልኩ፤ ትመለሳለች እንግዲህ፣ ጉንፋን ይዟት ካልሆነ በቀር ትመለሳለች።

ነገሩ የመጣው ከፋብሪካው ነው። የምሠራው ስፖልዲንግ ዳር ነው፣ ተራራ የሚባል ነገር በዞረበት ያልዞረባት ከተማ፣ ዳሞታን እያየ ላደገ ሰው ዓይን ማሳረፊያ የላትም፤ ሥራችንም ፈረንጅ ሲደግስ ድንች ጥብሱን የሚያጠቅስበትን ነገር በትንንሽ ክብ ዕቃ ማሸግ ነው። ሰው ለማጥቀሻ ብሎ ፋብሪካ ያቆማል ብትሉኝ አላምንም ነበር፣ አቁመዋል፣ ያውም ሁለት ክፍል ያለው። በገባሁ ቀን አለቃችን ሳሊሃ፣ ሱዳናዊት ናት፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሥዕል ሥር አቁማ እንደ ሕፃን አስተማረችኝ። ሳልሳ የተከተፈ ነው፤ ቲማቲሙን ታየዋለህ፣ ሽንኩርቱን ታየዋለህ፣ ውኃ ያዝላል፣ ወተት የለበትም። ዲፕ የላመ ነው፤ ምን እንደገባበት በዓይን አይለይም፣ ያጠቀስክበትን ይዞ ይወጣል፣ ወተት አለበት። የሳልሳ ክፍል ሰማያዊ ጋውን፣ የዲፕ ክፍል ቢጫ። ቢጫ ለብሶ ወደ ሰማያዊው የተሻገረ ሰው በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ወተት የማይስማማው ሰው አለ፤ አንድ ማንኪያ ይገድለዋል» አለችኝ። ቅቤ ሰው ይገድላል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። በእኛ አገር ሰው የሚሞተው ቅቤ ሲያጣ ነው ብዬ ልቀልድባት ፈልጌ እንግሊዝኛዬ መንገድ ላይ ቀረብኝ። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ኤሪክ ይላል። ኤርካሎ ነኝ ብዬ ሁለቴ አርሜ ሦስተኛው ላይ ተውኩት።

ከዚያ ሐሙስ ሁሉም የአገሩን ምግብ ይዞ ይምጣ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ ደግሞ ምን አባቴ አቅበጠበጠኝ፣ ዳጣ አመጣለሁ አልኩ፣ ከወላይታ የመጣ ሰው ሌላ ምን ያመጣል፣ ቁርጥ አላመጣላቸው። ካርድ ሰጡኝ፤ የምግቡ ስም፣ የገባበት ነገር፣ ወተት አለው የለውም፣ ከታች ሁለት ሣጥን፣ ሳልሳ፣ ዲፕ፣ አንዱ ላይ ምልክት አድርግ። ሁለቱም ላይ ባደርግስ አልኳት ሳሊሃን፤ አይቻልም፣ ወይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ወይ እዚያ አለችኝ። ካርዱን ይዤ ቤት ገባሁና አሰብኩ። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ድንጋይ ላይ ይፈጫል፣ ግን ልሞ አይልምም፣ ፍሬው ይታያል፣ ስለዚህ ሳልሳ ነው። ነገር ግን ቦይናው፣ ያ የተቀቀለው ጎደሬ፣ ሲጠቀስበት የሚጣበቀው፣ ምላስ ላይ መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ኋላ የሚያቃጥለው፣ ያ ቅቤ ነው፣ ስለዚህ ዲፕ ነው። ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ግን አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቼ አንድ ቀን እንኳን እንዴት ነው የሚሠራው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕ ሥራ ከመግባቴ በፊት ደወልኩ። የእማዬ ስልክ ዝግ ነው። የእህቴን የቤቴልን ሞከርኩ፣ አነሳች፣ በአማርኛ «ሄሎ» አለችኝ። እኔና ቤቴል በቤታችን የምናወራው በወላይትኛ ነው። አማርኛዋ የቢሮ ናት፣ ከዞን መምሪያው ሰዎች ጋር የምታወራባት፣ እንግዳ ሲመጣ የምታወጣት፤ ነገር ስትደብቅም ትጠቀምባታለች፣ ትምህርት የወደቀች ጊዜ ለእማዬ የነገረችው በአማርኛ ነበር። እኔ በወላይትኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ኋላ እኔም ወደ አማርኛው ተሳብኩ።

«እማዬን አገናኚኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት።»

«ተኝታለች እኮ።»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት?»

«ጉንፋን ነው፣ ድምጿም ተዘግቷል። ምንድን ነው፣ ለእኔ ንገረኝ።»

«ዳጣ ላይ ቅቤ ስንት ማንኪያ ነው የምታደርገው?»

«ቅቤ? ዳጣ ላይ ቅቤ ማን ያደርጋል?»

«እማዬ ነቻ!»

«ኧረ አታደርግም።»

«ታደርጋለች! በልቼ ነው ያደግኩት!»

«አንተማ በልተህ ነው የምትወጣው! ድንጋዩ ጋ ከሷ ጋር ቁጭ ብዬ ስፈጭ የኖርኩት እኔ ነኝ። እማዬ ዳጣ ላይ አንድም ቀን ቅቤ አታስገባም ነበር።»

ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «አታስገባም ማለቴ ነው፣ አታስገባም፤ ለአንተ ለብቻህ አድርጋልህ ይሆናል እንግዲህ፣ ቃሪያ አትችልም፣ ስቅ ስቅ ይልህ የለ» አለችኝና ሳቀች። ሳቁ አጭር ነው። ስልኩ ተዘጋ፤ እሷ ትዝጋው እኔ ልዝጋው እስካሁን አላውቅም።

አሁን እንግዲህ ይሄን ቃል አስቡት። የእኛ የሶዶ ሰዎች አማርኛ ወንድና ሴት ያምታታል፤ እሱ ብለን እሷን እንጠራለን፣ መጣ ስንል መጣች ማለታችን ነው፣ ከጎንደር የተመደበው አስተማሪያችን በዚህ ሲስቅብን ኖሯል። ነገር ግን ነውን ከነበር የሚያምታታ ሰው ሶዶ ውስጥ አላየሁም። ቤቴል ደግሞ በጽሕፈት ሥራ ነው የምትተዳደረው፣ ደብዳቤ የምታርም ሰው ናት። ለራሴ ብዙ ተከራከርኩላት፤ ስለ ድሮው እያወራን ነው፣ ስለ ልጅነታችን፣ ስለ ድሮ ሲወራ ነበር ይባላል፣ እኔም ራሴ ነበር እላለሁ። እሺ፣ ታዲያ ለምን አረመችው? ስህተት ያልሆነ ነገር ይታረማል?

ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የከዳኝ። ዓይኔን ስጨፍን የጓሮው ድንጋይ ይመጣል። እማዬ ተንበርክካ ትፈጫለች፣ ቤቴል ቃሪያ ትቀነጥስላታለች፣ እኔ በሩ ላይ ቦይናዬን ይዤ እጠብቃለሁ፣ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ስድስት ዓመቴ ነው። እማዬ ጀርባዋን ለቤቴል ሰጥታ ከመደርደሪያው ትንሽዋን ሸክላ ታወርዳለች፣ አንድ ጭልፋ ዳጣ ታደርግባታለች፣ ምን እንደምትጨምር አላይም፣ እጇ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ «እንካ» ትለኛለች። እኔ ዳጣ ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ አደግኩ። ቤቴል ዓይኗ እያነባ የምትበላውና እኔ እየሳቅኩ የምበላው አንድ ይመስለኝ ነበር፣ እኔ ጎበዝ እሷ ፈሪ፤ እስከ ትልቅነታችን ድረስ በዚህ አሹፌባታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሲፎከርበት የኖረው ጀግንነት ቅቤ ሆኖ ተገኘ። ሐሙስ ካርዱ ላይ ዲፕ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ወተት አለው አልኩ፣ ቅቤም ጨመርኩበት። ሳሊሃ በጣቷ ቀምሳ፣ «ይሄማ ሻጣ ነው፣ የእኛ ነው!» አለች። ዳጣ አልኳት፣ ሻጣ አለችኝ፣ ዳጣ፣ ሻጣ፣ ተሳሳቅን። ማን አስተማረህ ሲሉኝ እናቴ አልኩ፣ እናቴ ትሠራዋለች፣ ለሥጋ ቤት ታስረክባለች፣ በእንግሊዝኛ ያለ አንድም «ነበር» ተናገርኩት፣ ጠንቅቄ።

በነጋታው ስደውል እማዬ ቦዲቲ እህቷ ጋ ሄዳለች። ጉንፋኑስ? ተሽሏታል። ከሦስት ቀን በኋላ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ናት፣ አዳር ነው። ከዚያ ስልኳ ውኃ ውስጥ ወደቀ። አንድ ቀን ከቤቴል ድምፅ ኋላ የሰው ኳኳታ ሰማሁ፣ የላስቲክ ወንበር አንዱ ባንዱ ላይ ሲደራረብ፣ «ማነው?» ስላት «ጎረቤት ሠርግ አለ» አለችኝ። ሠርግ በጾም ወቅት! እኛ ጾሙን ባንጾምም ሠርግ የሚጠራው ጎረቤታችን ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ኦርቶዶክስ ነው፣ ልጁን በጾም አይድርም። አላልኳትም። «እንኳን ደስ አላቸው በይልኝ» አልኳት።

በእኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ይመረጣል፤ በጠዋት ይመጣሉ፣ ሰውዬው ከቤት ሳይወጣ፣ ብቻውን ሳይሆን ይዘውት፣ ጸልየው፣ ከዚያ ያረዱታል። ስልክ ላይ መርዶ የሚናገር ሰው አረመኔ ነው። እሺ፣ እኔን ማን ያረዳኛል፣ በዚህ ከተማ ወላይታ እኔ ብቻ ነኝ፣ አበሻ ራሱ ሦስት አንሞላም። ይሄን ሳስብ ነው የይስሐቅ ስልክ የገባኝ። ይስሐቅ ሌስተር ያለችው የእኛ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ በወር አንዴ ሄጄ የማገኘው፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ለገና ካልሆነ ደውሎልኝ የማያውቅ ሰው፣ አሁን በየሁለት ቀኑ ይደውላል። «ወንድሜ ኤርካሎ፣ ሥራ እንዴት ነው? መቼ ነው የምታርፈው? ቤት የምትገኘው ስንት ሰዓት ነው?» አላርፍም እለዋለሁ። ትርፍ ሰዓት አለብኝ። ደግሞ አላበልኩም፣ ራሴ ለምኜ ነው የወሰድኩት፣ ሰው የቀረበትን ፈረቃ ሁሉ እኔ ልግባ እላለሁ፣ የዕረፍት ቀኔ ሲሆን ከጠዋት እስከ ማታ ወንዙ ዳር እዞራለሁ። በጠዋት እንዳይመጡብኝ በጠዋት አልገኝም። ካልተነገረኝ እኮ አልሞተችም። ጉንፋን ይዟታል፣ ቦዲቲ ሄዳለች፣ አዳር ጸሎት ላይ ናት፣ ሦስቱም ቦታ ላይ በሕይወት አለች። እናቴን የያዝኳት እኔ ነኝ፣ በር ባለመክፈት።

ሳሊሃ ግን አየችኝ። ባለፈው ሳምንት ቢጫ ጋውን ለብሼ ወደ ሰማያዊው ክፍል እግሬን ሳነሳ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ። ወደ ቤት አልሰደደችኝም፣ ወደ ቢሮዋ ወሰደችኝ። «ማን ነው የሞተብህ?» አለችኝ በቀጥታ። አላውቅም አልኳት። ሰው የሞተበትን አያውቅም ብላ አልሳቀችም፣ ከመሳቢያው ወረቀት አወጣች፣ ለሐዘን ፈቃድ የሚሞላ፤ ዝምድና የሚል አለው፣ ቀጥሎ የሞተበት ቀን። የሚሞላውን ቀን አላውቀውም። ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ ቀብሮ፣ ድንኳን አፍርሶ፣ ወንበር ሰብስቦ እኔ ብቻ ቀኑን አላውቀውም፣ ጠይቄም አላውቀውም፣ ከጠየቅኩ ትሞታለች። ይሄን በእንግሊዝኛ እንዴት ይሉታል። ሳሊሃ ወረቀቱን አጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። «ስታውቅ ትሞላዋለህ» አለችኝ።

በቤቴል እንዳልፈርድ፣ ውሸቱን ወደ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት ለእማዬ ቤሌ፣ እዚያው ወላይታ ውስጥ፣ ሥራ አገኘሁ፣ ሦስት ወር ነው አልኳት። በጠርሙስ ዳጣ ሞልታ፣ አፉን በላስቲክ አስራ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። በቤሌው አውቶቡስ ሳይሆን በአዲስ አበባው ተሳፈርኩ፣ እሷ ከዞረች በኋላ። ጠርሙሱን መተማ ላይ ጨረስኩት። ከካርቱም ደወልኩላት፣ «ቤሌ እንዴት ነው?» አለችኝ፣ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይሞቃል» አልኳት። ለካ እሷ በሁለተኛው ሳምንት በቤሌ አውቶቡስ ረዳት እጅ ቂጣ ልካልኝ፣ ኤርካሎ የሚባል ሰው እዚያ የለም ተብሎ ተመልሶላታል። ይሄን የነገረችኝ ቤቴል ናት፣ ከዓመት በኋላ። እማዬ አንድም ቀን ዋሽተኸኛል አላለችኝም። እንግሊዝ ገባሁ ስላት እንኳን «ከቤሌ ይሻላል?» ብቻ ነው ያለችኝ። መጨረሻ ላይ ያነጋገርኳት መቼ ነው? ሥራ ልገባ በር ላይ ቆሜ፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ «በላህ?» አለችኝ፣ «በልቻለሁ፣ እደውላለሁ» አልኳት። አልበላሁም ነበር፣ አልደወልኩምም።

ተነሳሁ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ነው። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ጠዋት ስገባ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ያየኋት ነጭ መኪና አሁንም አለች። ጠዋት ልብ አላልኳትም። አሁን ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ውስጡን ታሳያለች። መሪው ላይ ይስሐቅ ነው፣ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከጎኑ መሲ ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ፣ በጥቁር ሻርፕ ተጠቅልላ ስልኳን ታያለች። ከኋላ ተማሪው ፀጋአብ አንድ ካርቶን የታሸገ ውኃ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ገባኝ። ከሌስተር በለሊት ተነስተው መጥተዋል፣ ከፈረቃ ስገባ ደርሰዋል፣ አይተውኛል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል፣ መጀመሪያ እንቅልፉን ይጥገብ፣ ከሰማ በኋላ አይተኛም ብለው አልጠሩኝም። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያች መኪና ውስጥ የእኔን እንቅልፍ ሲጠብቁ ኖረዋል፣ እሑድ አምልኮ ቀርተው፣ እኔ ግን እዚህ ዓይኔን አፍጥጬ ነበር። ማንም ሰው እንደዚህ ጠብቆኝ አያውቅም ልል ነበር። አንድ ሰው ጠብቆኛል፣ ሰባት ዓመት።

ልብሴን ለበስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወረድኩ፣ መንገዱን ተሻገርኩና የይስሐቅን መስታወት አንኳኳሁ። ደንግጦ ነቃ። «ተነሳህ? ተኝተህ ነው ብለን እኮ…» አለና አፉን በእጁ ጠረገ። «ግቡ» አልኩት። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ መሲ ወንበሩ ላይ፣ ይስሐቅ አልጋው ጫፍ፣ ፀጋአብ ካርቶኑን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመ። ስለ ጤና ተጠያየቅን። ስለ መንገዱ ተጠያየቅን። ይስሐቅ ጸለየ፣ ረጅም ጸለየ፣ አሜን ሲል ፊቱ ላብ ነው። «እንግዲህ ወንድማችን» አለ። «ሰው ሆኖ… እግዚአብሔር ይሰጣል…» አለና ቀረ። መሲን አየ፣ መሲ መሬቱን አየች። ለካ አርድቶ አያውቅም። ሁላችንም ገና ለዚህ ሳንደርስ የወጣን ነን፣ ይሄን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እዚያ ቀርተዋል፣ እንዴት እንደሚጀመር አንዳችንም አልተማርነውም። ይስሐቅ አሳዘነኝ።

«እናቴ ሞታለች» አልኩት።

መጀመሪያ ያለቀሰው ፀጋአብ ነው፣ እናቴን በዓይኑ አይቷት የማያውቀው ልጅ። ከዚያ መሲ ተነስታ አንገቴን አቀፈችኝ። መቼ ነው አልኩ። ይስሐቅ «ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው፣ ቅዳሜ» አለኝ። ቆጠርኩት። ስለ ቅቤው ስጠይቅ አራት ቀኗ ነበር። ቤቴል እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ከእኔ ጋር ስለ ዳጣ ተጨቃጭቃለች፣ ስቃልኛለች፣ ቦዲቲ ልካልኛለች፣ ሠርግ ደግሳልኛለች፣ ብቻዋን፣ ስልኩን ይዛ።

ደወልኩላት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «ወዬ ወንድሜ! እማዬ እንኳን አሁን ገና ምሳ በልታ ጋደም አለች፣ ዛሬ ደህና ናት፣ ደህና በልታለች፣ ስትነሳ እነግራታለሁ…» ድምጿ ሞቅ ያለ ነው፣ ተዘጋጅታበታለች። አላቋረጥኳትም፣ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

«ቤቴል» አልኳት፣ «ይስሐቅ እዚህ ነው።»

ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፣ እየተቆራረጠ፣ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች አወቅኩ።

«ደክሞኝ ነበር፣ ወንድሜ» አለችኝ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አሁን አልቅሺ።»

«ይሰማሃል እኮ።»

«ይሰማኝ» አልኳት፣ ስልኩንም ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።